የዛገች ቁጥር 4 መላጊያ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ የሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ገና ሳልፈታት

ይቺን መላጊያ እንጨት እንድትልግ አድርጌ ልመልሳት ነው፣ የማደርገውንም እዚሁ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። አሮጌ የብረት መላጊያ ቤቱ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ግን አብዛኛዋ ወይ ከነዝገቷ መደርደሪያ ላይ ትቀራለች ወይ ደሞ አንዱ በግራይንደር ወልውሎ ጌጥ ያደርጋታል፣ ሁለቱም ያሳዝነኛል። የኔ ሀሳብ ከመጀመሪያው አንድ ነው፦ ብረት ከብረት፣ ምላጭ ከእንጨት የሚነካካባቸውን ቦታዎች በደንብ እሠራለሁ፣ ሌላው ንጹህ ከሆነና ዝገቱ ከቆመ በቃ ይበቃዋል።

ስታንሊ ቤይሊ ቁጥር 4 ነች፣ ማለስለሻ። እንጨቱ በረጅም መላጊያ ከተስተካከለ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ የምታወጣዋ ማለት ነው። ርዝመቷ 24 ሴንቲ አካባቢ፣ ምላጯ 2 ኢንች ወይም 51 ሚሊ፣ አካሏ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት)፣ ምላጩ የተሳለ ጎኑን ወደታች አርጎ በ45 ዲግሪ ይተኛል።

ዕድሜዋን ያወቅሁት ከአካሏ ላይ ነው። ከፍሮጉ (ምላጩ የሚተኛበት ተዳፋት ብረት) ጀርባ ሶስት የፓተንት ቀኖች አሉ፣ ሁለቱ የ1902 አንዱ የ1910፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.። የፊት መያዣዋ አጭርና ድቡልቡል ነው፣ የጥልቀት ማስተካከያዋ የነሐስ ዊል ትንሽዬ ነች፣ ምላጩን ከላይ የሚጨቁነው ሌቨር ካፕ ላይ ምንም ስም የለም። ይሄ ሁሉ ሲደመር ሰብሳቢዎች ታይፕ 11 ከሚሉት ጋር ይገጥማል፣ ከ1910 እስከ 1918 የተሠራው። ከዛ በኋላ የመጡት መያዣቸው ረዘመ፣ ዊላቸውም ሰፋ። ንድፉ ግን ከዚህም ይቀድማል፣ ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል ሰው ከ1850ዎቹ ጀምሮ ሲያሻሽለው የነበረ ነው፣ ስታንሊ በ1869 ድርጅቱን ገዝቶ በዛው ቀጠለ፣ ዛሬ የሚሠሩ የብረት መላጊያዎችም አብዛኞቹ ያንኑ ንድፍ ነው የሚከተሉት። ስለዚህ የናንተዋ ሌላ ስም ቢጻፍባትም እዚህ የምለው ይሠራላችኋል።

ከሁሉ በፊት ስንጥቅ ፈለግኩ። ጊዛ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፣ አንዴ የወደቀች መላጊያ ደሞ ቀጭን ስንጥቅ ዝገት ስር ደብቃ ልትቆይ ትችላለች። የሚታዩት ቦታዎች የአፏ (ምላጩ የሚወጣበት ክፍተት) ሁለት ማእዘኖች፣ ክንፎቿ (የጎን ግድግዳዎቿ) ከሶሉ (እንጨቱ ላይ ከሚንሸራተተው የታች ገጽ) ጋር የሚገናኙበት ጠርዝ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እና የሌቨር ካፑ ጫፍ ናቸው። በላምባ የራሰ ጨርቅ አሸት አርጋችሁ ወዲያው ብትጠርጉት ስንጥቅ ካለ ላምባውን ይዞ ይቀርና ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የኔዋ ንጹህ ነች። አፏ ማእዘን ላይ የተሰነጠቀች ብትሆን ኖሮ ፈትቼ እቃዋን ለሌላ መላጊያ መለዋወጫ ነበር የማደርጋት፣ ምክንያቱም ሁሉም ጉልበት የሚያርፈው እዛ ላይ ነው።

ያለባት ችግር ይሄ ነው፦ ላይዋ በሙሉ ቀይ ዝገት፣ ምላጩና ላዩ ላይ የሚታሰረው ቺፕብሬከር አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ የኋላ እጀታው ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰብሯል (ሁለቱም ቁራጭ አለ፣ የላይኛው ቀንድ ጫፍ ግን ጠፍቷል)፣ እና የሆነ ሰው በሆነ ዘመን ጥቁሩ ቀለም ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀብቷታል። አረንጓዴው ነው ያሳሰበኝ። የድሮ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አልፍቀውም፣ እያራስኩ ነው የማነሳው፣ ፍቅፋቂውንም እርጥብ ጨርቅ ላይ ሰብስቤ ነው የምጥለው።

ቅዳሜ ማታ፣ መፍታት

የዛገ ብሎን መፍታት የካቻቪቴ ጉዳይ ነው። የካቻቪቴው አፍ የብሎኑን ስንጥቅ በውፍረትም በስፋትም ሙሉ ካልሞላው ያንሸራትታል፣ ከዛ የብሎኑ ራስ ይበላና ሥራው በሙሉ ይወሳሰባል። ስለዚህ አንድ ሰፊ ካቻቪቴ ወስጄ አፉን ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ ከስንጥቁ ጋር እስኪገጥም ሞረድኩት። የመላጊያ ብሎኖች ስንጥቃቸው ጠባብ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ካቻቪቴ ደሞ አፉ ወፍራም ስለሆነ ይሄን ሳያደርጉ መጀመር አይገባም እላለሁ።

ዘይት አስገብቼ (ደብሊው ዲ ፎርቲ ነው ያለኝ፣ የአውቶማቲክ መኪና የማርሽ ዘይት ከአሴቶን ጋር እኩል በእኩል አቀላቅሎም መጠቀም ይቻላል) ትንሽ ካቆየሁት በኋላ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል በጣም ትንሽ ገፋ አደረግኩት፣ ዝገቱ ጠቅ ብሎ ሲለቅ ይሰማል፣ ከዛ ወደ መፍቻው። የፍሮጉ ሁለት ብሎኖች በዚህ ወጡ። የእጀታው ዘንግና ላዩ ላይ ያለው የነሐስ ዳዶ ምንም አላስቸገሩም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የጥልቀት ማስተካከያዋ የነሐስ ዊል ግራ ጥርስ ነች፣ ስትፈታ ወደ ቀኝ ነው የምትዞረው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ለመፍታት ብሎ እያጠበቃት ዘንጉን ሊሰብረው ይችላል። ሁለተኛው የስታንሊ ጥርሶች መደበኛ አይደሉም፣ የእጀታዎቹ ዘንግ ለምሳሌ 12 በ20 የሚባለው (ውፍረቱ ቁጥር 12፣ በኢንች 20 ጥርስ) ነው፣ እንደልብ የሚገኝ ብሎን አይገጥመውም፣ አስገድዶ ማስገባት የውስጡን ጥርስ ይበላዋል። ስለዚህ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ ጋር ምልክት አድርጌ ትንንሽ እቃ ውስጥ አስቀመጥኳት።

የተጣበቁት ምላጭና ቺፕብሬከር በጉልበት አልተላቀቁም። የሚያስራቸውን ብሎን ፈትቼ ዘይት ውስጥ አሳደርኳቸው።

እሁድ፣ ዝገቱ

ምላጩ ዛሬ ጠዋት በእጅ ተንሸራቶ ወጣ።

ትንንሾቹን የብረት ክፍሎች፣ ማለትም ምላጩን፣ ቺፕብሬከሩን፣ ሌቨር ካፑንና ብሎኖቹን ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ነከርኳቸው፣ 50 ግራም ዱቄት ለ1 ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ። አቼቶም ይሠራል ግን ይዘገያል፣ ብዙ ከቆየ ደሞ ብረቱን ግራጫ አድርጎ ይበላዋል። በየሰአቱ አውጥቼ በጥርስ ብሩሽ አሸሁ፣ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ሲለቅ በቃ ማለት ነው፣ ከዛ በላይ መቆየቱ ጥቅም የለውም። የነሐስ ነገር አብሮ አይገባም፣ መዳብ ላዩ ላይ እየወጣ ሮዝ ያደርገዋል፣ እንጨትማ በጭራሽ። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ክዳን አልከደንኩበትም፣ መስኮትም ከፍቼ ነው የሠራሁት።

ሲወጣ ፈጣን መሆን ያስፈልጋል። አሲድ ያጸዳው ብረት ራቁቱን ነው፣ አየር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ያወጣል። በውሃ አጠብኩ፣ አሲዱን ለማርገብ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ደገምኩ፣ በፀጉር ማድረቂያ እስኪሞቅ አደረቅኩ፣ እዛው ላይ በዘይት ጨርቅ አሸሁት።

አካሉን ግን አልነከርኩትም። ጥቁሩ ቀለም ጃፓኒንግ ነው፣ ከአስፋልትና ከዘይት ተሠርቶ በእሳት የተጋገረ፣ ከመቶ አመት በኋላም አብዛኛው አለ፣ አሲድ ደሞ በተሰነጠቀው በኩል ገብቶ ከስር ያነሳዋል። ኃይለኛ ቀለም ማስለቀቂያም አልፈለግኩም፣ አረንጓዴውን ሲያነሳ ጥቁሩንም ይዞት ይሄዳል። አረንጓዴውን በሞቀ ውሃና ሳሙና እያራስኩ ጫፉ በተሳለ የእንጨት ቁራጭ ነው የፋቅኩት፣ ብዙው ቦታ ላይ እንደ ቅርፊት ተላጠ፣ በማእዘኖቹ ውስጥ የቀረውን ትቼዋለሁ። ጎኖቿንና ላይዋን ላምባ ባለበት ጥሩ የብረት ሱፍ አሸሁ፣ ቀይ ዝገቱ ሄደ፣ ከስሩ ያለው ቡናማ ጥቁር ገጽ ቀረ። እሱን አልነካውም። አሮጌ ብረት ላይ ያለ ጥቁር ገጽ የሚጎዳ ነገር የለውም፣ ሥራንም አያግድም፣ መቶ አመት የወሰደ መልክ ነው፣ እና እሱን በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት አዲስ ለማስመሰል ካልሆነ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እሁድ ማታ፣ እጀታው

ኮላው ሲደርቅ ጊዜ ስለሚወስድ እጀታውን ከሌላው ቀድሜ ያዝኩት። እንጨቱ ሮዝውድ ነው፣ ዘይት ያለው እንጨት፣ በዛ ላይ የስንት ሰው እጅ ላብና ቅባት ጠጥቷል፣ ስለዚህ ኮላ እንዲይዝ የተሰበረውን ፊት በአሴቶን ደጋግሜ ጠረግኩት፣ ጨርቁ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ። ስብራቱን ግን በብርጭቆ ወረቀት አልነካሁትም፣ ሁለቱ ፊቶች ጥርስ በጥርስ የሚገጥሙት ያ ሸካራ ገጽ እንዳለ ሲቆይ ነው፣ ከተለሰለሰ መስመሩ ይሰፋል።

ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ቀባሁ። እጀታ ቅርጹ ጠማማ ስለሆነ ሞርሴቶ አይይዘውም፣ ያንሸራትታል። መፍትሄው የራሱ ዘንግ ነው፣ ዘንጉን ሻማ ቀብቼ (ኢፖክሲው እንዳይዘው) በቀዳዳው አሳልፌ ዳዶውን ቀስ ብዬ ሳጠብቅ ቀዳዳው መስመሩን ጠበቀ፣ ከዛ ከብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጠ ረጅም ላስቲክ ዙሪያውን ወጥሬ ጠመጠምኩበት። የተረፈው ኢፖክሲ ዙሪያውን እኩል ተገፍቶ ሲወጣ መጋጠሙ ይታወቃል። እስኪደርቅ አልነካውም።

ሰኞ፣ ፍሮጉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ቦታ ይሄ ነው፣ ለኔ ግን ዋናው ሥራ እዚህ ነው። መላጊያ እንጨት ላይ ስትንቀጠቀጥ፣ ገጹ ላይ የሞገድ ምልክት ስትተው፣ ሰው ምላጩን ይጠረጥራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ፍሮጉ አካሉ ላይ ተደላድሎ አልተቀመጠም።

አረንጓዴውን የቀባው ሰው ፍሮጉን ፈትቶ የሚቀመጥበትንም ቦታ ቀብቶታል። ሁለቱን ብሎን ሳላጠብቅ ፍሮጉን ቦታው ላይ አስቀምጬ በሁለት ጣት ማእዘኑን ጫን ሳደርገው ቀጭ ቀጭ ይላል። የቀለም ውፍረት ምን ያህል ነው፣ ግን እዛ ላይ ያለች ትንሽ ክፍተት ምላጩ ጫፍ ላይ ትበዛለች። የሚነካካባቸውን ጠፍጣፋ ቦታዎች በሙሉ እስከ ብረቱ ድረስ አጸዳሁ፣ ከዛ የፍሮጉን እግሮች በማርከር ጥቁር ቀብቼ ቦታው ላይ አድርጌ ወደፊት ወደኋላ በጣም ትንሽ አሸሁት። ሳነሳው በአንድ በኩል ማርከሩ ተፍቋል፣ በሌላው በኩል አልተነካም። የተፋቀውን ከፍታ በጠፍጣፋ ጥሩ ሞረድ አንዴ ሁለቴ ብቻ፣ እንደገና ማርከር፣ እንደገና ማሸት። እዚህ ላይ ቸኩሎ ብዙ መሞረድ ያለውን ተዳፋት ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ማርከሩ ሳይነግረኝ ሞረድ አላነሳሁም። ማርከሩ በሁሉም እግሮች ላይ መፋቅ ሲጀምር መቀጭቀጩ ጠፋ።

ምላጩ የሚተኛበት የፍሮጉ ፊት ላይም ሲቀለጥና ሲፈስ የቀሩ ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ፣ ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ ብረት ላይ ለጥፌ እነሱን ብቻ አነሳሁ፣ የጎን ማስተካከያው ዘንግ አካባቢ እንዳልደርስ እየተጠነቀቅኩ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ የፍሮጉን ተዳፋት ከአፉ የኋላ ጠርዝ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው ያደረግኩት፣ ምላጩ ከላይ ጀምሮ እስከ ሶሉ ድረስ ድጋፍ እንዲኖረው። አፉን ለማጥበብ ብለው ፍሮጉን ወደፊት የሚገፉ አሉ፣ ያኔ የምላጩ ጫፍ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የእንጨት መቦጨቅን የሚከላከል የተሻለ መንገድ አለ፣ ቺፕብሬከሩ ላይ ስደርስ እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሶሉ

ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ፣ ላዩ ላይ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት። ከመጀመሬ በፊት መላጊያዋን ሙሉ በሙሉ ገጠምኳት፣ ፍሮጉ ታስሮ፣ ምላጩ ገብቶ (ጫፉ ወደ ውስጥ ተስቦ)፣ ሌቨር ካፑም በሥራ ጊዜ በሚጠብቅበት ልክ ጠብቆ። ሌቨር ካፑ ሲጨቁን አካሉን በጥቂቱ ይወጥረዋል፣ ባዶውን አካል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ስትገጥሙት ሌላ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል።

ሶሉን በማርከር መስመሮች ሞላሁትና ጥቂት ጊዜ ገፋሁ። የቀሩት መስመሮች ካርታ ናቸው። የኔዋ ጫፏና ተረከዟ ነክተዋል፣ ከአፏ ፊት ያለው ቦታ ግን መስመሩ እንዳለ ነው፣ ማለትም መሃሏ ገባ ያለ ነው። ለማለስለሻ ይሄ መጥፎ ነው፣ ምክንያቱም ከአፉ ፊት ያለችው ያቺ ጠባብ ቦታ ናት እንጨቱን ተጭና ክሩ ተቦጭቆ ከመነሳቱ በፊት ምላጩ እንዲቆርጠው የምታደርገው። እዛ ካልነካ መላጊያዋ አንዴ ትነክሳለች አንዴ ባዶ ታልፋለች።

ስለዚህ ሥራው እዛ እስኪደርስ መግፋት ነው። አያያዙ ወሳኝ ነው፣ እጄን ዝቅ አድርጌ አካሉን ነው የያዝኩት፣ ከፍ ብሎ መያዣና እጀታ ላይ መጫን በእያንዳንዱ ግፊት መላጊያዋን ያወዛውዛትና ሶሉ ጀልባ ይሆናል። በየተወሰነው አቅጣጫ መቀየር፣ ዱቄቱን መጥረግ፣ ወረቀቱ ሲደነዝዝ ሳይሰስቱ መቀየር። የደነዘዘ ወረቀት ላይ መድከም መሃሉን ትቶ ጠርዙን ነው የሚያከብበው። ክንድ ይደክማል፣ ይሄን አልደብቅም፣ ግን ከአፉ ፊት ያለው ማርከር መጀመሪያ በአንድ ማእዘን ከዛ እስከ ሌላኛው ጎን እየተፋቀ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል፣ እጄ ላይ ያለው ብረት ምን እንደሚመስል በአይኔ እያየሁ ነው የሠራሁት።

ጫፉ፣ የአፉ ፊት፣ የአፉ ጀርባና ተረከዙ አንድ ላይ ሲነኩ ቆምኩ። በመካከላቸው የቀሩ ገባ ያሉ ቦታዎች አሉ፣ ምንም አያደርጉም። በቀጥ ያለ ማስመሪያ ሳየው 0.05 ሚሊ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) የትም አይገባም። በ120 ከዛ በ220 ጭረቱን አለስልሼ ጨረስኩ። ሶልን እንደ መስታወት ማብረቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ እንጨቱ ልዩነቱን አያውቀውም። የሶሉን ሹል ጠርዞች በሞረድ ትንሽ ሰብር አደረግኳቸው፣ አለዚያ እንጨቱን ይጭሩታል።

ረቡዕ፣ ምላጩ

የምላጩ ጀርባ ላይ ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ጥቂቶቹ እስከ ጫፉ ይደርሳሉ። ስለት ማለት የሁለት ገጾች መገናኛ ነው፣ ጀርባው ላይ ጉድጓድ ካለ ስለቱም እዛ ቦታ ላይ ጥርስ ያወልቃል፣ ፊቱን ምንም ያህል ብትስሉት። ጫፉ ቀድሞም የተሸራረፈ ስለነበር መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ በግራይንደር ወደ 25 ዲግሪ መለስኩት። ይሄ የድሮ ካርቦን ብረት ነው፣ ሙቀት አይወድም፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ጥንካሬው ሄዷል፣ ያንን ክፍል ቆርጦ ከመጣል ሌላ መላ የለውም። በጣቴ ይዤው ሞቅ ሲል ወዲያው ውሃ ውስጥ፣ እንዲህ እያልኩ ጫፉ ሊቀጥን ሲል አቁሜ የቀረውን በድንጋይ ጨረስኩ።

ጀርባውን በሙሉ ጠፍጣፋ ማድረግ አያስፈልግም፣ የመጨረሻዋ ሴንቲሜትር በቂ ነች። እሱም ግን ጉድጓዶቹን ሙሉ በሙሉ አላጠፋቸውም። እዚህ ላይ ዴቪድ ቻርልስዎርዝ የሚባለው እንግሊዛዊ የእንጨት ባለሙያ ያስፋፋውን ዘዴ ተጠቀምኩ፦ ግማሽ ሚሊ የምትሆን ቀጭን የብረት ማስመሪያ በድንጋዩ አንድ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ የምላጩን ጀርባ ማስመሪያዋ ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ብቻ በሌላው ጠርዝ በኩል ታሻላችሁ። ምላጩ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ብቻ ቀና ስለሚል የሚሳለው ከጫፉ ያለች ቀጭን ፈትል ነች፣ ያቺ ፈትል ንጹህ ከሆነች ከኋላዋ ያለው ጉድጓድ አይመለከታትም። ለመላጊያ ምላጭ ብቻ ነው ታዲያ፣ መሮ ላይ እንዳታደርጉት፣ የመሮ ጀርባ እራሱ መሪ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መቅረት አለበት።

ፊቱን በ30 ዲግሪ፣ በ1000 ድንጋይ ጀምሬ ከጀርባው በኩል ቀጭን የብረት ፀጉር እስክትወጣ ሳልኩት። አውራ ጣቴን ከጀርባው ወደ ጫፉ አቅጣጫ ሳንሸራትት ከዳር እስከ ዳር ያዝ ያዝ ታረገኛለች፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ካልያዘ ስለቱ እዛ አልደረሰም ማለት ነው። ከዛ 4000፣ ከዛ 8000፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ። በ8000 ላይ ሁለቱን ማእዘኖች በየተራ በጣት ጫን እያልኩ ትንሽ ሳልኳቸው፣ ጥጋቸው እንጨት ላይ መስመር እንዳይተው። መብራት ስር ጫፉን ወደ አይኔ አዙሬ አየሁት። የደነዘዘ ስለት ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል፣ የተሳለ ግን ምንም ብርሃን አይመልስም። ከዳር እስከ ዳር ምንም አይታይም።

ረቡዕ ማታ፣ ቺፕብሬከሩ

ይሄ ክፍል ጊዜ ቢሰጡት የሚክስ ነው። ምላጩ ላይ አስሬ በጎን በኩል ወደ መብራት ስይዘው በአንድ ጥግ ብርሃን ያልፋል። ብርሃን ካለፈ ልጣጭ ይገባል፣ አንዴ ከገባ ደሞ እየተወሸቀ አፉን ይዘጋል። ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጫፉን አስቀምጬ ጭራውን ከድንጋዩ ወለል ዝቅ አድርጌ አሸሁት፣ እንደዛ ሲሆን ከስሩ በትንሹ ይገባና የሚነካው የመጨረሻው ጫፍ ብቻ ይሆናል። ብርሃኑ እስኪጠፋ። ከዛ የፊቱን ጫፍ ከምላጩ ጋር ወደ 50 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆም አድርጌ ሳልኩት፣ ልጣጩ የሚንሸራተትበትን ጉብታም እስኪያበራ ወለወልኩ። ልጣጭ ሲያልፍ ምንም መያዝ የለበትም።

ከምላጩ ጫፍ 0.3 ሚሊ አካባቢ ወደኋላ አድርጌ አሰርኩት። እዚህ ርቀት ላይ ቺፕብሬከሩ የሚነሳውን ልጣጭ ወዲያው ወደፊት ያጥፈዋል፣ የእንጨቱ ክር ከምላጩ ቀድሞ ተሰንጥቆ ለመነሳት እድል አያገኝም። ክሩ የተጠማዘዘ እንጨት ላይ መቦጨቅ የሚቀረው በዚህ ነው፣ አፍ በማጥበብ የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቺፕብሬከሩን ትንሽ ይገፋዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ግማሽ አጥብቆ አስተካክሎ ከዛ መጨረስ ነው።

ሐሙስ፣ መግጠም

እጀታው ይዟል፣ መስመሩ የሚታየው የት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት የወጣውን ኢፖክሲ አንስቼ የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ ሮዝውዱ ወዲያው ጠቆር ብሎ ቀይ መስመሮቹን አወጣ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጪ ዘርግቼ ነው ያደረቅኩት።

ሲገጠም እጀታው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፣ ዳዶው እስከመጨረሻ ጠብቆም። እንጨቱ በዘመን ብዛት ስለሚሸማቀቅ ዳዶው እንጨቱን ከመጭመቁ በፊት የዘንጉ ጥርስ ያልቃል። ከዳዶው ስር ቀጭን ሮንዴላ አስገባሁ፣ ቆመ። ዘንጉን ከጫፉ ትንሽ ሞርዶ ማሳጠርም ያው ነው፣ ግን የሞረዱትን መመለስ ስለማይቻል ሮንዴላውን እመርጣለሁ።

የሌቨር ካፑ ልክ በእጅ ነው የሚታወቀው፣ ካም መያዣው (ሌቨር ካፑን የሚቆልፈው ምላስ) በአውራ ጣት ጠንከር ብሎ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላም የነሐስ ዊሏ በጣት መዞር አለባት። ጣት ከደከማት በጣም ጠብቋል። ሶሉን ሻማ ቀባሁ።

ሐሙስ ማታ፣ እንጨት ላይ

ምላጩን ሙሉ በሙሉ ስቤ ጀመርኩ። አንድ ቀጭን የእንጨት ቁራጭ ይዤ በአፉ ግራ ጥግና በቀኝ ጥግ ላይ በየተራ እያሳለፍኩ ዊሏን ቀስ በቀስ አዞርኩ፣ በቀኝ በኩል ቀድሞ ቆረጠ፣ በጎን ማስተካከያው ዘንግ መለስኩት፣ ሁለቱም ጥግ እኩል ድምጽና እኩል ልጣጭ እስኪሰጡ። ዊሏ ላይ ባዶ ዙር አለ፣ የሁሉም ቤይሊ ጸባይ ነው፣ ስለዚህ ልክ ስታበጁ ሁልጊዜ ምላጩን ወደፊት በመግፋት ጨርሱ፣ በመሳብ ከጨረሳችሁ ሥራ ላይ እያላችሁ ይሸሻል።

መጀመሪያ ለስላሳ እንጨት ላይ። ጫፉ ላይ ፊት መያዣውን ጫን ብዬ ጀመርኩ፣ መሃል ላይ እኩል፣ መጨረሻው ላይ ጉልበቱን ወደ እጀታው አዛወርኩ። ልጣጩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ በአፉ ወጥቶ ጣቴ ላይ ተጠቀለለ፣ በስሱ ስዘረጋው ከስሩ ያለ ጽሁፍ ይነበባል። በካሊፐር 0.05 ሚሊ። ከዛ ክሩ የተገለባበጠ ጠንካራ እንጨት አመጣሁ፣ ቋጠሮ ያለበት፣ በአንድ አቅጣጫ ስትልጉት ግማሹ ከክሩ በተቃራኒ የሚሆን አይነት። ቋጠሮው ዙሪያ በመብራት በጎን አየሁት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሸካራነት አለ። ቺፕብሬከሩን ወደ 0.2 አስጠጋሁና ደገምኩት፣ እሱም ጠፋ። መላጊያዋ አትንቀጠቀጥም፣ ፍሮጉ ላይ የጠፋው ጊዜ እዚህ ላይ ነው የተከፈለው። ገጹ ላይ እጄን ሳሳልፍ ብርጭቆ ወረቀት የማይሰጠው አይነት ልስላሴ አለው፣ ክሮቹ ተቆርጠዋል እንጂ አልተፋቁም፣ ዘይት ሲቀባ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ቅዳሜ

ከተጠቀምኩባት በኋላ ምላጩን ቆዳ ላይ ብቻ ነው የመለስኩት፣ ድንጋይ ገና አልፈለገም። አካሏን በቀጭን ዘይት ጠርጌ ነው የማስቀምጣት። ሶሉን በማርከር ደግሜ አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም።

የቀረው የእጀታው ቀንድ ነው። የጠፋውን ጫፍ በተመሳሳይ ሮዝውድ መቀጠል ይቻላል፣ ስብራቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ቁራጩን ለጥፎ በሞረድ መቅረጽ፣ ግን መስመሩ የሚስማማ እንጨት እስካገኝ ሹሉን ብቻ አለስልሼ ትቼዋለሁ፣ እጅ ላይ አይሰማም። ቀጥላ የምትገባው ቁጥር 5 ነች፣ ረጅሟ። እሷ ሻካራውን የምታነሳ ስለሆነች ሶሏ ይሄን ያህል ልፋት አይፈልግም፣ ምላጯ ግን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በቅስት ነው የሚሳለው፣ አፏም ወፍራም ልጣጭ ስለምታሳልፍ ሰፋ ትላለች፣ ፍሮጓን እንደዚችኛዋ ነው የማያት።